የፖታሲየም ማነስ በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ

አንድ የደም ግፊት ሕመምተኛ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ታዘዘለት እንበል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእግሩ ጡንቻ እየተኮማተረ ያሠቃየው፣ ጕልበቱም ይከዳው ጀመር። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ፖታሲየሙ ዝቅ ማለቱን ባየ ጊዜ የፖታሲየም ክሎራይድ ክኒን ጨመረለት። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለሐኪሙም ሆነ ለመድኃኒት ባለሙያው ግልጽ ነው። ነገር ግን በመጨረሻ ካርዱ የሚቀርብለት ሌላ ሠራተኛ አለ። እርሱ ሕመምተኛውን አላየውም፤ መድኃኒትም አይሰጥም። ሥራው «ይህ መድኃኒት የተሰጠው ለየትኛው በሽታ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። በዐሥረኛው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት የሚጽፈው ቁጥር ኢ87.6 ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ከሥራዬ ጋር የሚቀራረብ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ቁጥር የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን በመትከልና በመጠገን ሥራ ላይ ስለ ቈየሁ፣ መሣሪያው የሚያወጣው አኀዝ ከእኛ እጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ለማወቅ እፈልግ ነበር። ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩን በመዝገቡ ውስጥ የፈለገ ሰው ከሥሩ ሁለት ስሞች ያገኛል። አንደኛው በደም ውስጥ የፖታሲየም ማነስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፖታሲየም እጥረት ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። ልዩነታቸው እንዴት እንደ ታወቀና በመዝገቡ ውስጥ እንዴት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ተቀመጡ ከዚህ በታች እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሽታን በዝርዝር መመዝገብ የተጀመረው ሕያዋንን ለማከም ሳይሆን ሙታንን ለመቍጠር ነበር። የለንደን ነጋዴ የነበረው ጆን ግራውንት በከተማዋ በየሳምንቱ ይወጡ የነበሩትን የሟቾች ዝርዝሮች ሰብስቦ ጥናቱን ያሳተመው በ1662 ነው። ጉዳዩ በመንግሥት ደረጃ ሥርዐት የያዘው ግን በእንግሊዝ አገር የልደትና የሞት ምዝገባ ከተቋቋመበት ከ1837 ወዲህ ነው። በዚያው መሥሪያ ቤት የተቀጠረው ሐኪም ዊሊያም ፋር፣ አንዱ በሽታ በሦስትና በአራት ስም እየተጠራ፣ አንዱም ስም ለልዩ ልዩ በሽታዎች እየዋለ ቈጠራው ሁሉ እንደሚበላሽ ተመለከተ። የበሽታዎች አሰያየም ለእንዲህ ያለው ጥናት፣ ሚዛንና መለኪያ ለፊዚክስ ከሚሰጡት አገልግሎት ያነሰ ዋጋ እንደሌለው በጊዜው ተከራክሯል። ይህ አስተያየት ለእኛ ለመሐንዲሶች ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም።

በ1853 በብራስልስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ አንድ የጋራ ዝርዝር እንዲዘጋጅ ፋርንና የጄኔቫውን ማርክ ዴስፒንን አዘዘ። ሁለቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ ለተሰበሰበው ጉባኤ የየግል ዝርዝራቸውን ይዘው ቀረቡ። ዴስፒን በሽታዎችን በባሕርያቸው ሲከፍል፣ ፋር በበኩሉ ወረርሽኞችንና መላ አካልን የሚይዙትን ለብቻ አድርጎ የቀሩትን በሚያጠቁት የአካል ክፍል ደልድሎ ነበር። ጉባኤው ማንንም ላለማስቀየም ይመስላል፣ ሁለቱን አቀላቅሎ 139 አርእስት ያሉት ዝርዝር አጸደቀ። ቈይቶ ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን የፋርን መንገድ ተከትሎ ያዘጋጀው ዝርዝር በ1893 በቺካጎ ተቀባይነት አገኘ። በ1900ም በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻሻለ፤ ከዚያ ወዲያ በየዐሥር ዓመቱ እንዲታደስ ተወሰነ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ፖታሲየም የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር። ዝርዝሩ የሞት መንሥኤዎች ዝርዝር ነው፤ ከሰውነቱ ፖታሲየም አልቆ የሞተ ሰው ደግሞ አስከሬኑ ቢመረመር እንደ ሳንባ ነቀርሳ ወይም እንደ ጕበት መቍሰል በዐይን የሚታይ ማስረጃ አይተውም። ይባስ ብሎ ሰው ከሞተ በኋላ በሕዋሳት ውስጥ የነበረው ፖታሲየም እየፈሰሰ ወደ ደም ስለሚገባ፣ በአስከሬን ደም ላይ የሚደረግ ምርመራ ማነሱን ሳይሆን መብዛቱን ያሳያል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት የሞተው ሁሉ በተቅማጥ፣ በስኳር በሽታ ወይም በልብ ድካም ስም ተመዝግቦ አለፈ።

ንጥረ ነገሩ ራሱ ግን ይታወቅ ነበር። ሰር ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 በለንደን በቀለጠ ፖታሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ብረታማውን ንጥረ ነገር ለየው። ፖታሽ ማለት አመድ በውሃ ታጥቦ፣ ውሃው በድስት ተንተክትኮ ሲያልቅ የሚቀረው ጨው ነው። የእንግሊዝኛው ስም ከድስቱና ከአመዱ ሲወጣ፣ ጀርመኖች የመረጡት ካሊየም የሚለው ስም ደግሞ የተክልን አመድ ከሚያመለክተው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ሐኪሞች የደም ፖታሲየም ማነስን ሃይፖካሌሚያ የሚሉት ከዚህ ከሁለተኛው ስም አውጥተው ነው። ለኢትዮጵያ መሐንዲስ ፖታሽ ሲባል መቼም ቀድሞ ትዝ የሚለው ዳሎል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኢጣሊያኖች ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደዚያ አቅጣጫ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ፖታሽ ያወጡ ነበር። በክኒኑ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ በእንዲህ ያለው የምድር ክምችት ውስጥ ከሚገኘው ጨው የተለየ አይደለም።

እንግሊዛዊው ሲድኒ ሪንገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከእንቍራሪት የተወሰደ ልብ ከአካል ውጭ መምታቱን እንዲቀጥል፣ የተነከረበት ውሃ ካልሲየምና ፖታሲየም በተመጠነ መጠን ሊኖረው እንደሚገባ አሳየ። የፖታሲየም ጥቅም ከታወቀ እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ወደ ሕክምና የገባበት ምክንያት ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት የመለኪያ እጦት ነው። በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ለመለካት በኬሚካል አዝቅጦ፣ አጥቦና አጣርቶ መመዘን ወይም መመጠን ያስፈልግ ነበር። ሥራው ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ብዙ ደምም ይፈልጋል። ልቡ ሊቆም ለተቃረበ ሕመምተኛ እንዲህ ያለው ውጤት ለቀብሩ እንጂ ለሕክምናው አይደርስም።

መፍትሔው የመጣው ከእሳት ነበልባል ነው። ቡንሰንና ኪርኾፍ በ1860 እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በነበልባል ውስጥ የራሱን ብርሃን እንደሚያወጣ አስረድተው ነበር። ሶዲየም ቢጫ፣ ፖታሲየም ሐምራዊ ይሰጣል። ይህ ዕውቀት በ1945 ባርንስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አንድ የፍሌም ፎቶሜትር መሣሪያ ሠርተው ባወጡ ጊዜ ለላቦራቶሪ ዕለታዊ ሥራ የሚመች ሆነ። የመሣሪያው አሠራር ለአንባቢዎቻችን የሚያስደስት ነው። የተበረዘው ናሙና እንደ ጉም ተረጭቶ ወደ ነበልባል ይገባል፤ የሚወጣው ብርሃን በማጣሪያ ካለፈ በኋላ በፎቶሴል ላይ ያርፋል፤ የሚፈጠረውም ጥቂት የኤሌክትሪክ ጅረት መርፌ ያንቀሳቅሳል። የሚገርመው ግን ዐይን ሐምራዊ አድርጎ የሚያየውን ነበልባል መሣሪያው የሚለካው በሌላው ዳር፣ ዐይን እምብዛም በማያየው 766 ናኖሜትር ገደማ ባለው ጥቍር ቀይ ብርሃን መሆኑ ነው። የፖታሲየም ዋና ብርሃን ያለው እዚያ ነውና። በዚህ መሣሪያ የሰዓታት ሥራ የደቂቃዎች ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1946 ሁለት ሥራዎች ታተሙ። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ዳንኤል ዳሮው፣ በተቅማጥ የደረቁ ሕፃናት የጨውና የስኳር ውሃ ተሰጥቷቸው ሰውነታቸው ከረጠበ በኋላም ለምን እየዛሉ እንደሚሞቱ ሲመረምር ቈይቶ ነበር። የሚገባውንና የሚወጣውን እየለካ ሲያሰላ፣ የሚያገግም ሕፃን ፖታሲየምን በብዛት በሰውነቱ እንደሚያስቀር አገኘ። የተራበ ብቻ ነው እንዲህ የሚሰስተው። ስለዚህ በሚሰጠው ፈሳሽ ውስጥ ፖታሲየም ጨመረ፤ የሟቾቹም ቍጥር መቀነሱን ገለጸ። ሆለር የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ሐኪም ደግሞ በስኳር በሽታ ደሙ አሲድ የሆነ ሰው ኢንሱሊን በሚሰጠው ጊዜ ፖታሲየሙ ከደም ወደ ሕዋሳት ሸሽቶ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሊሰንፉ እንደሚችሉ አስረዳ። መድኃኒቱ በሽታውን እያዳነ ሕመምተኛውን ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱ ስሞች ልዩነት ይገለጣል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ካለው ፖታሲየም ከመቶ ዘጠና ስምንቱ እጅ የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ነው። እኛ የምንለካው ከሕዋሳት ውጭ ያለውን ጥቂቱን ነው፤ ይኸውም በጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር ደም ውሃ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ነው። ጋኑ ጎድሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ከዋንጫው አይታወቅም። ተቅማጥ ያደረቀው ወይም ደሙ አሲድ የሆነ ሕመምተኛ ጋኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ዋንጫው ሞልቶ ይታያል፤ ከሕዋሳት የወጣው ፖታሲየም ደሙን ለጊዜው ይሞላዋልና። በዘር የሚተላለፍ አንድ የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ በአካሉ ውስጥ በቂ ፖታሲየም እያለው፣ ከደሙ በድንገት ወደ ጡንቻው ገብቶ ለሰዓታት ሽባ ያደርገዋል። የመጀመሪያው እጥረት ያለበት ነው፤ ማነስ ግን አይታይበትም። ሁለተኛው ማነስ አለበት፤ እጥረት የለበትም። ዳሮው በሂሳብ የለየው ይህንኑ ነበር።

በ1948 አዲስ የተቋቋመው የዓለም ጤና ድርጅት የዝርዝሩን ኀላፊነት ተረከበ። በዚያ በስድስተኛው ማሻሻያ መዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞት መንሥኤ ብቻ ሳይሆን የሕያዋን ሕመም መዝገብም እንዲሆን ተደረገ። መሣሪያው በ1945፣ ዕውቀቱ በ1946፣ የመዝገቡ በር መከፈት በ1948 መሆኑ ዕድል እንጂ ስምምነት አይደለም። የሆነ ሆኖ አስከሬን የማይመሰክርለት ሕመም ወደ ሕሙማን መዝገብ የሚገባበት መንገድ በዚህ ተከፈተ። በ1975 በጸደቀው በዘጠነኛው ማሻሻያ 276.8 ተብሎ፣ በ1990 በጸደቀው በዐሥረኛው ደግሞ ኢ87.6 ተብሎ እናገኘዋለን። በሁለቱም የተቀመጠው የሆርሞን፣ የአመጋገብና የሰውነት ግንባታ መታወክ በሚመዘገብበት ምዕራፍ ውስጥ ነው። ፋር የደለደላቸው የአካል ክፍሎች አንዱም የእኔ ነው አላለውም።

የፖታሲየም ክኒን በብዛት መታዘዝ የጀመረው ግን በተቅማጥ ምክንያት አይደለም። በ1958 ክሎሮታያዛይድ የተባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። በአፍ የሚወሰድ፣ የደም ግፊትን የሚያወርድ በመሆኑ ቶሎ ተስፋፋ፤ ነገር ግን ከሽንቱ ጋር ፖታሲየምንም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ እጅ የሚያወጣውን በሌላ እጅ መተካት ግድ ሆነ። ጨው ጨጓራን እንዳያቈስል በማለት በጨጓራ ውስጥ የማይሟሟ ሽፋን የለበሰ የፖታሲየም ክሎራይድ ክኒን ተዘጋጀ። በምሕንድስና ዐይን ሲታይ ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ሽፋኑ ወደ ታች ወርዶ በቀጭኑ አንጀት ውስጥ በአንድ ስፍራ መሟሟቱ ነው። ጠንካራው ጨው ያረፈበት የአንጀት ግድግዳ ይቈስላል፤ ቍስሉ ሲጠግም አንጀቱ ይጠብባል። በ1964 የአሜሪካና የስዊድን ሐኪሞች ምንጩ ያልታወቀ የሚመስል የአንጀት ቍስል እየጨመረ መሄዱን ሲያስታውቁ ነገሩ ወደዚሁ ክኒን አመለከተ። ጨውን በዝግታ የሚለቁ ክኒኖች ቦታውን የያዙት ከዚያ ወዲህ ነው። በደም ሥር የሚሰጠውማ ከዚህ የከፋ ነው። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመረምረው የጋራ ኮሚሽን በ1998 ባወጣው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ላይ፣ በፖታሲየም ክሎራይድ አሰጣጥ ስሕተት የደረሱ ዐሥር ሞቶችን መመርመሩንና ከእነዚህ ስምንቱ ያልተበረዘው መድኃኒት በቀጥታ በመሰጠቱ የደረሱ መሆናቸውን ገልጿል።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። መዝገቡ መድኃኒቱን አይቈጥርም፤ ምክንያቱን ነው የሚቈጥረው። መድኃኒቱ ለብቻው ሌላ ዝርዝር አለው፤ በ1970ዎቹ በኖርዌይ በተሻሻለውና የዓለም ጤና ድርጅት በተቀበለው የመድኃኒቶች ምደባ ፖታሲየም ክሎራይድ ኤ12ቢኤ01 ይባላል። ሁለቱን ዝርዝሮች የሚያገናኝ ድልድይ ግን አልተሠራም። ያ በመግቢያችን የጠቀስነው የደም ግፊት ሕመምተኛ በአሜሪካ አሠራር ሁለት ቁጥር ያሻዋል፤ አስቀድሞ ኢ87.6፣ ቀጥሎም ማነሱ የመጣው ከሽንት መድኃኒት መሆኑን የሚያሳይ በቲ50.2 ሥር ያለ ቁጥር። ያ በየጊዜው ሽባ የሚሆነው ሰው ከነጭራሹ ከዚህ ይወጣና ከጡንቻ ሕመሞች ጋር በጂ72.3 ይመዘገባል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም በፒ74.3 ለብቻው ተቀምጧል።

ቦታ ያጡም አሉ። ሐኪሙ ገና ሳይጎድል አስቀድሞ ፖታሲየም ያዘዘለት ሰው በሽታው የቱ ነው? ደሙ ደኅና ነውና ኢ87.6 ሊባል አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው የደም ግፊቱ ነው፤ አሜሪካኖች ካስፈለገም ዜድ79.899 የሚለውን፣ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ማለት የሆነውን ቁጥር ይጨምሩለታል። ይህ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አይናገርም። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀኝ በየቤታችን የምናውቀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የሕፃናት መርጃ ድርጅቱ ከ1975 ጀምረው ያስፋፉት ይህ ዱቄት በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለበት። በ2002 የገበታ ጨውና የግሉኮስ መጠኑ ሲቀነስ የፖታሲየሙ መጠን አልተነካም። ከዳሮው ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው። ሆኖም ዱቄቱን ጠጥቶ የዳነ ሕፃን በካርዱ ላይ የሚጻፍለት ተቅማጥና የሰውነት ፈሳሽ መቀነስ ነው። ደሙ ስላልተመረመረ የተተካለት ፖታሲየም በየትም አይቈጠርም። ጋኑ ጎድሎ የተሞላለት እርሱ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ለሌላው ይሄዳል።

የሁለቱ ስሞች በአንድ ቁጥር መጠቃለል ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። አንባቢ «ታዲያ ለሁለት ቢከፈልስ?» ሊል ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን እጥረትን፣ ማለት የጋኑን ጉድለት፣ በየሆስፒታሉ በቀላሉ የሚለካ መሣሪያ የለም። ከፍሌም ፎቶሜትሩ በኋላ የመጣው፣ ቫሊኖማይሲን በተባለ ንጥረ ነገር ፖታሲየምን ለይቶ የሚያውቀው ኤሌክትሮድ ያለው የዛሬው መሣሪያም የሚለካው ያንኑ ዋንጫ ነው። በ2019 ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዐሥራ አንደኛው ምደባ ቁጥሮችን እያያዙ መጻፍን በሰፊው ቢፈቅድም፣ 5ሲ77 ብሎ አዲስ ቁጥር የሰጠው ለደሙ ማነስ ነው። ያልተለካ ነገር ቁጥር አያገኝም፤ ፋር ስሞችን ከሚዛን ጋር ሲያወዳድር ይህን ያሰበ አይመስለኝም።

ቁጥሩ በሚጻፍበት ቦታ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በአሜሪካ የሜዲኬር ክፍያ ከ1983 ጀምሮ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ስለ ተመሠረተ፣ ደንቡ በዝርዝር ተጽፏል። በዚያ ደንብ መሠረት ኮድ ሰጪው የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ፖታሲየሙ 2.6 መሆኑን በዐይኑ ቢያይና ክኒኑም መታዘዙን ቢያውቅ፣ ሐኪሙ ራሱ የሕመሙን ስም ካልጻፈ ኢ87.6ን መጻፍ አይፈቀድለትም። ይህን መጀመሪያ ስሰማ እንደ ቢሮክራሲ ቈጥሬው ነበር። አኀዙ እያለ ስሙን መጠበቅ ምን ይባላል?

ሐሳቤን ያስለወጠኝ በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በአንድ ሆስፒታል የገጠመኝ ነው። መሣሪያው ተበላሽቷል ተብዬ ተጠራሁ። የአንድ ሕመምተኛ ፖታሲየም ጠዋት 4.1፣ ከቀትር በኋላ 2.7 ሆኖ ተገኝቷል። ግማሽ ቀን ሙሉ መሣሪያውን ፈታሁ፤ ኤሌክትሮዱን ለወጥሁ፤ በመመዘኛ ፈሳሽ ደጋግሜ ሞከርሁት፤ እንከን አልነበረበትም። በመጨረሻ አንዲት ነርስ የጠዋቱን ብልቃጥ አንሥታ አሳየችኝ። ከደሙ በላይ የተንሳፈፈው ውሃ ቢጫ መሆን ሲገባው ቀልቶ ነበር። ደሙ በቀጭን መርፌ በኀይል ተስቦ ሕዋሳቱ ስለ ፈነዱ በውስጣቸው የነበረው ፖታሲየም ወጥቶ ማነሱን ሸፍኖታል። መሣሪያው በታማኝነት የለካው ብልቃጡን እንጂ ሰውየውን አልነበረም። በጠዋቱ አኀዝ የሚመራ ኮድ ሰጪ ቢኖር ኖሮ ሕመምተኛውን ከዝርዝሩ ያወጣው ነበር፤ ነርሷ ግን የሰውየውን የዛለ እጅ አይታ ደሙ እንደ ገና እንዲቀዳ አድርጋለች።

ስለዚህ በዚያ ደንብ መሠረት ኮድ ሰጪው አንድ ነገር ብቻ ይፈቀድለታል። ውጤቱ ከልክ ወጥቶ፣ መድኃኒትም ታዝዞበት፣ ስሙ ግን ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ፣ ለሐኪሙ አጭር መጠይቅ ይልካል፦ ይህ ፖታሲየም የተሰጠው ለምንድን ነው? መልሱ እስኪመጣ ድረስ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቈያል።